ፉርሽካ ብቻውን ፈረስ አያቆምም፦ ስለ መኖ የጠየቃችሁኝ

ሰሞኑን ከደረሱኝ ጥያቄዎች ብዙዎቹ የፈረስ ናቸው። መኖ ተወደደ፣ ፈረሱ እየከሳ ነው፣ ምን ልጨምርለት የሚል ነው ነገሩ። ስለዚህ ሌላውን ለሳምንት አቆይቼ ዛሬ የፈረስን ብቻ እመልሳለሁ።

«ጋሼ፣ የጋሪ ፈረሴ ጠዋትና ማታ ፉርሽካ ይበላል፣ በመሃል የዝሆን ሣር አጭድለታለሁ። አሁን ማንከስ ጀምሯል፣ ፊቱም ያበጠ መሰለኝ። ምን ቪታሚን ልግዛለት?» (ከሐዋሳ)

ወንድሜ፣ ገንዘብህን ለቪታሚን አታውጣ። ፉርሽካ ውስጥ ያለው ፎስፈረስ ከካልሲየሙ ስምንት እጥፍ ገደማ ይሆናል። ፈረስ ደግሞ የሚፈልገው ተቃራኒውን ነው፤ ካልሲየሙ ሊበልጥለት ይገባል። ካልሲየሙ ካልበቃው ከራሱ አጥንት ይወስዳል። አጥንቱ ይሳሳል፣ የመንጋጋውና የፊቱ አጥንት ያብጣል፣ ጥርሱ ይላላል፣ ያነክሳል። የዝሆን ሣሩ ደግሞ አባሰበት፤ ኦክሳሌት የሚባል ነገር ስላለው ያለችውንም ካልሲየም አስሮ ከፋንድያ ጋር ያስወጣታል። ለከብት ይህ ብዙም አያስቸግርም፣ ጨጓራቸው ውስጥ ያሉት ተህዋስያን ኦክሳሌቱን ያፈርሱላቸዋል። ፈረስ ግን ያ የለውም። እና አንተ ሳታውቅ ሁለቱን አንድ ላይ ሰጥተኸዋል።

መድኃኒቱ ርካሽ ነው። የዶሮ መኖ የሚያዘጋጁ ሰዎች ጋ የኖራ ድንጋይ ዱቄት ይሸጣል፤ ለአንድ ኪሎ ፉርሽካ ከ30 እስከ 40 ግራም፣ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ያህል፣ ውሃ አርከፍክፈህ ቀላቅልበት። ለግንባታ የሚሆነውን የተቃጠለ ኖራ እንዳታምታታ፣ እሱ አፉንና ጉሮሮውን ያቃጥለዋል። ፉርሽካውን በቀን ወደ አንድ ኪሎ አውርደው። ከዝሆን ሣሩ ግማሹን በድርቆሽ ተካ፣ አልፋልፋ ወይም ትሪ ሉሰርን የሚባሉትን የመኖ ተክሎች ካገኘህ በጣም ጥሩ፣ ሁለቱም ካልሲየም አላቸው። ግን ሉኪንያ የሚባለውን የመኖ ዛፍ ተው፤ ብዙ ከበላ የጋማውና የጭራው ጸጉር ይረግፋል። ደግሞ እግሩን ለሐኪም አሳየው፣ ማንከሱ ከሰኮናው ሊሆን ይችላል።

«የጤፍ ጭድ ነው የምሰጠው። ስንት ኪሎ እንደሚበቃው እንዴት ልወቅ?» (ከደብረ ብርሃን)

እህቴ፣ መጀመሪያ ፈረሱን እንመዝነው። የልብስ ሰፊ ሜትር ያዢ። ከፊት እግሮቹ ኋላ ደረቱን ዙሪያውን ለኪ፣ ከዚያ ከትከሻው ጫፍ እስከ ቂጡ ጫፍ ርዝመቱን። በሴንቲ ሜትር ይሁን። ዙሪያውን በራሱ አባዢ፣ የወጣውን በርዝመቱ አባዢ፣ ከዚያ ለ11,877 አካፍዪ። ዙሪያውም ርዝመቱም 140 ቢሆን 231 ኪሎ ይመጣል። በቀን ከክብደቱ 2 በመቶ፣ ማለትም 4.6 ኪሎ ደረቅ መኖ ይፈልጋል፤ ከባድ ሥራ ካለው እስከ 2.5 በመቶ። ከዚህ ውስጥ ከ3.5 ኪሎ የማያንሰው ሣር፣ ድርቆሽ ወይም ጭድ ይሁን።

የጤፍ ጭድ ሆድ ይሞላል እንጂ ፕሮቲኑ ትንሽ ነው። ግማሽ ኪሎ የኑግ ፋጉሎ ጨምሪበት። ሻጋታ የሸተተውን ግን በነፃ ቢሰጡሽም አትውሰጂ፤ በተለይ የሻገተ በቆሎ የፈረስን አንጎል ያበላሻል፣ ይገድላል። ጨውም አትርሺ። ለሚሠራ ፈረስ በቀን ከ25 እስከ 30 ግራም፣ ከውሃ ጋር። አሞሌ አጠገቡ አስቀምጠሽ እንዲልስ ብትተዪውም ያው ነው።

«ለጥር 23 የፈረሰኞች በዓል ፈረሴን ማድለብና ጉልበት መስጠት እፈልጋለሁ። ገብስ ብቻ ላብላው? ጓያ ግን በጣም ርካሽ ነው።» (ከእንጅባራ)

ጓያን ተወው። ሰውን እንደሚያሽመደምድ ታውቃለህ፣ ፈረስንም የኋላ እግሩን ያሰንፈዋል፣ ጉሮሮውንም ይይዘዋል፤ ሲሮጥ ትንፋሹ ያፏጫል። ለጉግስ ፈረስ ከዚህ የባሰ ምን አለ?

ገብሱ ጥሩ ነው፣ ግን ተከክቶ ይሁን እንጂ እንደ ዱቄት አይድቀቅ። በአንድ ጊዜ ከግማሽ ኪሎ አታሳልፍ፣ በቀን ሁለት ሦስት ጊዜ ከፋፍልለት። ዛሬ ሩብ ኪሎ ከጀመርክ በሁለት ሳምንት ውስጥ ቀስ እያልክ ጨምር። በዓሉ ሊደርስ ሦስት ቀን ሲቀረው ገብስ መዘርገፍ የሆድ ቁርጠት ማምጣት ነው፣ ሰኮናውም ሊታመም ይችላል።

«ወንድሜ ከዱባይ ባላንሰር የሚባል ከረጢት ልኮልኛል። በዚህ ይወፍራል ወይ?» (ከአዲስ አበባ)

አይወፍርም። ባላንሰር ማዕድን፣ ቪታሚንና ፕሮቲን በትንሽ መጠን የታመቀበት መኖ ነው፤ ሣሩ የጎደለውን ይሞላል እንጂ ሣርን አይተካም። ብዙዎቹ የተሠሩት ለ500 ኪሎ ፈረስ በቀን ግማሽ ኪሎ እንዲሰጥ ነው፣ የአገራችን ፈረስ ግን የዚያ ግማሽ ያህል ነውና ሩብ ኪሎ ይበቃዋል። ላዩ ላይ ሌላ የማዕድን ዱቄት አትደርብበት፤ ሴሊኒየም የሚባለው ማዕድን ሲበዛ መርዝ ነው። እኔ ብሆን ላረገዘች ወይም ለምታጠባ ባዝራ፣ ወይም ለውርንጭላ አስቀምጠው ነበር። ለደህና የሥራ ፈረስ አረንጓዴ ሣር፣ ጨውና ካልሲየም በቂ ነው። ጠግቦ እየበላ የሚከሳ ከሆነ ደግሞ ችግሩ መኖው ላይሆን ይችላል፣ የትል መድኃኒት ከወሰደ ስንት ጊዜው ነው? ያኘከውን ሣር ጠቅልሎ የሚተፋም ከሆነ ጥርሱን አሳየው።

«የተረፈ የዶሮ መኖ በርካሽ አገኘሁ፣ ለፈረሴ ልስጠው?» (ከቢሾፍቱ)

በፍጹም። አንዳንዱ የዶሮ መኖ ኮክሲዲያ ለሚባል የአንጀት ተውሳክ መከላከያ ሞኔንሲን የሚባል መድኃኒት ይደባለቅበታል። ዶሮ ይችለዋል፣ ከብትም ይችለዋል፣ የፈረስን ልብ ግን በትንሽ መጠን ይገድላል፤ ማርከሻም የለውም። ቀድሞ በልቶ ከሆነ ሥራ አታሠራው፣ ዛሬውኑ ከነከረጢቱ ወደ እንስሳት ሐኪም ሂድ።