«ከጨዋ ቤት አዝማሪ ወጣ» አሉኝ

ጥያቄ፦ እትዬ፣ እንደምን ሰነበቱ? የምጽፍልዎ ከደብረ ብርሃን ነው። ልጄ 19 ዓመቷ ነው። ኮሌጅ ትማራለች፤ ቅዳሜ ማታ ደግሞ አንድ ሆቴል ውስጥ ትዘፍናለች። ራሷ ከጻፈቻቸው ዘፈኖች አንዱ በልጅነቷ ስለተዳረች ሴት ነው። የባለቤቴ ታላቅ ወንድም ከመንዝ፣ ከመሐል ሜዳ ለሕክምና መጥተው ይህን ሰሙ። «ከጨዋ ቤት አዝማሪ ወጣ፤ ያውም የአገር ወግ የምትሳደብ» ብለው እህል ሳይቀምሱ ወጡ። ባለቤቴ ዝም ብሏል። ለመሆኑ ዘፈን ወግ ይለውጣል? ወይስ ከዘመድ አጣልቶን ይቀራል?

የልጅቷ እናት

መልስ፦ እህቴ፣ እህል ሳይቀምሱ መውጣታቸው ከንግግራቸው ይልቅ ሳያምምሽ አልቀረም። በኛ አገር ይሄ ቀላል ነገር አይደለም።

እኔም የመንዝ ልጅ ነኝ። መንዝ ውስጥ ሴት አትዘፍንም ያለው ማነው? ጥምቀት ላይ ታቦት ስናጅብ ከበሮ እየመታን ስንት ግጥም አውርደናል። ለእንቁጣጣሽ አበባየሆሽ እያልን ደጅ ለደጅ ዞረናል። ለቅሶ ላይማ ሙሾ የምታወርደው ሴት ናት። ሟች የበደላትን ሳይቀር በግጥም ስታነሳ ዝም በይ የሚላት የለም። የልጅሽ አጎትም ይህን ሁሉ እየሰሙ ነው ያረጁት። ነውር የሚሆነው ማይክ ይዛ፣ ለማያውቃት ሰው፣ በገንዘብ ስትዘፍን ነው።

ያን ነውር ያቀለሉልን ዘፋኞቹ ራሳቸው ናቸው። ጥላሁን ገሠሠን ውሰጂ። ወሊሶ ያሳደጉት አያቱ ትምህርቱን እንዲይዝ ነበር የሚፈልጉት። ልጁ ጠፍቶ ሲሄድ ቱሉ ቦሎ ላይ ደርሰው መለሱት። እንደገና ጠፋ። ሚያዝያ 2001 ዓ.ም. ሲያርፍ በብሔራዊ ክብር ቅድስት ሥላሴ ተቀበረ። ለሴት ደግሞ መንገዱ የባሰ ነበር። አስናቀች ወርቁ መድረክ ላይ የወጣችው የሴትን ገጸ ባሕርይ ወንዶች ሲጫወቱ በኖሩበት አገር ነው። እሷ ትወናው አልበቃ ብሏት ክራሯን አንስታ ስለ ፍቅር በግልጽ ዘፈነች። የጂጂም አባት መዝፈኗን አልወደዱትም ነበር። ዛሬ የአድዋ በዓል ሲደርስ የእሷን ዘፈን የማይከፍት ማን አለ? አጎትየውም ሳያጨበጭቡ አልቀሩም፤ ባላያቸውም እገምታለሁ።

ወደ ጥያቄሽ ልምጣ። ዘፈን ብቻውን ወግ ሲለውጥ አላየሁም። የጋብቻ ዕድሜን 18 ያደረገው በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ነው፤ ክልላችንም በራሱ ሕግ ያንኑ ተከትሏል። ግን ሕግ ማንበብ የሚወድ ስንት ሰው አለ? በ2005 ዓ.ም. «የኛ» የተባሉ አምስት ሴቶች በሬዲዮ ድራማና በዘፈን ስለ ልጅነት ጋብቻና ስለ ጥቃት ማውራት ጀመሩ። የእንግሊዝ ጋዜጦች በአገራቸው የሴቶች የዘፈን ቡድን ስም «የኢትዮጵያ ስፓይስ ገርልስ» እያሉ አላገጡ፤ በ2009 ዓ.ም. የእንግሊዝ መንግሥት ይሰጣቸው የነበረውን ገንዘብ አቋረጠ። ገንዘቡ በዛ አነሰ የሚለውን ለእነሱ ልተወው። እኔ የማውቀው የእህቴ ልጅ ጀሪካን ተሸክማ ዘፈናቸውን ስታንጎራጉር መስማቴን ነው። የቀበሌ ስብሰባ ንግግር የሚያንጎራጉር ሰው ግን እስካሁን አልገጠመኝም።

ስለዚህ ልጅሽ ትዝፈነው። በሰርግ ዘፈኖቻችን ዛሬም ሙሽሪትን እንደ ዕቃ የሚያስረክብ ግጥም ሞልቷል፤ የእሷ አንድ ዘፈን ወግ አያፈርስም። ግጥሙን ግን አይቼው ብሆን አንድ ነገር እጠይቃት ነበር፦ የምትወቅሰው እናትና አባትን ብቻ ነው ወይስ ሙሽራውንና ሽማግሌዎቹንም? እናት ላይ ብቻ መጮህ ቀላል ነው።

እኔን ያሳሰበኝ የባለቤትሽ ዝምታ ነው። ቅዳሜ ይዘሽው ሂጂ፤ ፊት ወንበር ላይ ይቀመጥ። አባቷ አብሯት እንዳለ ያየ ሰው ለማማት ይከብደዋል። ሆቴሉ ስንት እንደሚከፍላትና ማታ ማን ቤት እንደሚያደርሳትም ይጠይቅልሽ፤ ክፍያዋ በጽሑፍ ይሁን። ለበዓል ደግሞ ወደ መሐል ሜዳ ባልሽ ብቻውን ይሂድ። ወንድማማቾች ናቸው፤ አንቺ ካለሽ ነገሩ ወደ አንቺ ይዞራል። አሻፈረኝ ካሉ ሽማግሌ ይገባበታል።