«ቮኑንግስጌበርበሽቴቲጉንግ»፦ አጻጻፉና ትርጉሙ

ጥያቄ፦ ወደ ፍራንክፈርት የመጣሁት በቅርቡ ነው። አድራሻዬን ላስመዘግብ ስሄድ «ቮኑንግስጌበርበሽቴቲጉንግ» እንዳመጣ ተነገረኝ። መዝገበ ቃላት ውስጥ አጣሁት። አንዱ አያይዞ፣ ሌላው ለያይቶ ይጽፈዋል። ትክክለኛው የቱ ነው? የኪራይ ውሌን ባቀርብስ አይበቃም?

መልስ፦ ተያይዞ፣ እንደ አንድ ቃል ነው የሚጻፈው። በጀርመንኛው 24 ፊደላት አሉት፤ ትልቅ ፊደል የሚሆነው የመጀመሪያው ብቻ ነው።

የተሠራው ከሦስት ስሞች ነው፦ ቮኑንግ መኖሪያ ቤት፣ ጌበር ሰጪ፣ በሽቴቲጉንግ ማረጋገጫ። በአማርኛ «የመኖሪያ ቤት ሰጪ ማረጋገጫ» ይሆናል፤ ቅደም ተከተሉ እንኳ አልተለወጠም። ከግዕዝ በወረስነው «ቤተ መጻሕፍት» ዋናው ቃል ፊት ይቀድማል። ጀርመንኛ ግን እንደ «የመጻሕፍት ቤት» ዋናውን መጨረሻ ላይ ያስቀምጣል። ስለዚህ እንዲህ ያለ ረጅም ስም ሲገጥምዎ ንባቡን ከጅራቱ ይጀምሩ። ጅራቱ ማረጋገጫ ከሆነ ነገሩ ማረጋገጫ ነው፤ ፊት ያሉት የማንና የምን እንደሆነ ይነግሩናል። ጾታውም የጅራቱ ነው፦ በ«ኡንግ» ባዕድ መድረሻ የተሠራ ስም አንስታይ ስለሆነ «ዲ» የሚለው የአንስታይ ምልክት ይቀድመዋል። ሲበዛም «ኤ» እና «ኤን» የተባሉት ሁለት ፊደላት የሚጨመሩት መጨረሻው ላይ ብቻ ነው። መዝገበ ቃላት ሙሉውን ካላስገባው ሦስቱን ለየብቻ ይፈልጓቸው።

ብዙ ሰው የሚስተው ከቮኑንግ ቀጥላ የምትገባውን «ኤስ» ነው። ትርጉም የላትም፤ ስፌት ናት። እኛም ስናጣምር «ቤት»ን «ቤተ» እንደምናደርገው ነው። በ«ኡንግ» ያለቀ ስም ከሌላ ስም ጋር ሲጣመር ይህችን ኤስ ይወስዳል። ከጌበር በኋላ ግን አትገባም። በስልክ ቢጠየቁ በጀርመንኛው የፊደል ስም እንዲህ ይቁጠሩ፦ ቬ፣ ኦ፣ ሃ፣ ኤን፣ ኡ፣ ኤን፣ ጌ፣ ኤስ፤ ጌ፣ ኤ፣ ቤ፣ ኤ፣ ኤር፤ ቤ፣ ኤ፣ ኤስ፣ ቴ፣ አ ባለ ሁለት ነጥብ፣ ቴ፣ ኢ፣ ጌ፣ ኡ፣ ኤን፣ ጌ። ሃ አትነበብም፣ ኦን ታስረዝማለች እንጂ። በድምፅ ብቻ የጻፈ ሰው የሚያስቀራትም ለዚህ ነው። ሁለት ነጥብ ያለበት አ ከመተየቢያዎ ላይ ከሌለ «አ» ከዚያም «ኤ» አከታትለው ይጻፉ፤ ነጥቦቹን ዝም ብሎ መተው ስሕተት ነው።

መስመር ላይ ካልበቃ ከ«ቮኑንግስ» ወይም ከ«ጌበር» በኋላ በጭረት ይቁረጡት። ለንባብ እንዲቀል «ቮኑንግስጌበር» እና «በሽቴቲጉንግ»ን በጭረት መለየትም ይፈቀዳል፤ ያኔ የሁለተኛው መነሻ ትልቅ ፊደል ይሆናል። ክፍት ቦታ ግን በፍጹም አይግባ።

ወደ ትርጉሙ ስንመለስ፣ «ሰጪ» የተባለው የግድ የቤቱ ባለቤት አይደለም። ዋናው ተከራይ አንድ ክፍል ቢያከራይዎ፣ ወይም ዘመድ ቤቱ ቢያስገባዎ፣ ሰጪው እሱ ነው። «ቮኑንግ»ም በዕለት ንግግር አፓርታማ ይሁን እንጂ፣ በምዝገባ ሕጉ ለመኖር ወይም ለመተኛት የሚያገለግል ማንኛውም ዝግ ክፍል ነው። ወረቀቱ ላይ የሰጪው ስምና አድራሻ፣ ባለቤቱ ሌላ ከሆነ የባለቤቱ ስም፣ የገቡበት ቀን፣ የቤቱ አድራሻና የሚመዘገቡት ሰዎች ስም መኖር አለበት። የልጆችን ስም መዝለል ደጋግሞ የሚታይ ጉድለት ነው።

ግዴታው ከኅዳር 2015 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የጸና ሲሆን፣ ከገቡበት ቀን አንሥቶ በሁለት ሳምንት ውስጥ መመዝገብ ይኖርብዎታል። የኪራይ ውል አይተካውም፤ ውሉ መከራየትዎን እንጂ መግባትዎን አያሳይምና።

አንድ ጥንቃቄ፦ «ሜልደበሽቴቲጉንግ» ጅራቱ ያው ቢሆንም ሌላ ወረቀት ነው፤ ከተመዘገቡ በኋላ መሥሪያ ቤቱ ራሱ የሚሰጥዎ የምዝገባ ማረጋገጫ ነው።

ጥያቄ፦ የመርከብ ጉዞ የሚለው «ሺፍፋርት» በአንዳንድ መጽሐፍ ሁለት፣ በሌላው ሦስት ኤፍ አለው። የቱን ልያዝ?

መልስ፦ ሦስቱን። «ሺፍ» በሁለት ኤፍ ያልቃል፣ «ፋርት» በአንድ ይጀምራል። የዱሮው ደንብ ከሦስቱ ቀጥሎ አናባቢ ካለ አንዱን ያስቀር ነበር፤ ከነሐሴ 1998 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሥራ ላይ የዋለው ደንብ ግን ሁሉንም ያስቀምጣል። ሲነበብ ለውጥ የለውም። ቀትር የሚለው «ሚታግ» ግን እንደ ጥንቱ በሁለት ቴ ቀርቷል፤ ጥምር መሆኑ ከተረሳ ቆይቷልና።