ቲዩቡን ገልብጣችሁ አንብቡ፦ ስለ ማሳከክና ስለ ስቴሮይድ ክሬም ጥያቄዎቻችሁ

ሰላም ለሁላችሁ። ሰሞኑን የላካችሁልኝ አብዛኛው ስለሚያሳክክ ቆዳና ስለ ስቴሮይድ ክሬም (ማሳከክና ብግነት የሚያፍን የሚቀባ መድኃኒት ነው) ስለሆነ ሌላውን ለሚቀጥለው አቆይቼ እነዚህን ብቻ ልመልስ። ረጃጅሞቹን አሳጥሬያቸዋለሁ።

ጥያቄ፦ ክሬሙ ፍሪጅ ውስጥ ይቀመጥ?

አያስፈልገውም። ከምድጃና ከፀሐይ አርቁት፣ ክዳኑን ግጠሙት፣ በቃ።

ጥያቄ፦ ከሐዋሳ የጻፈች እናት የሁለት ዓመት ልጇ ክርኑና ከጉልበቱ ኋላ ችፌ አለበት፣ ሌሊት እያከከ ያደማዋል። ሐኪም ሃይድሮኮርቲዞን 1% አዞለት ነበር፣ ጎረቤት ግን "ስቴሮይድ ነው ቆዳውን ያሳሳዋል" ስላሏት ሁለት ቀን ቀብታ ተወችው።

ጎረቤቶችሽ የሰሙት ከመሬት ተነስቶ አይደለም፣ ግን የሰሙት ስለ ጠንካራዎቹ ነው። ሃይድሮኮርቲዞን ከሁሉም ለስላሳው ነው፣ ሐኪሙ ባለው ቦታና ባለው ቀን ልክ ከተቀባ ቆዳ ያሳሳል ብለሽ አትስጊ። ልጁን አሁን እየጎዳው ያለው ማከኩ ነው፣ በቁስሉ ጀርም ይገባል፣ እንቅልፍም የለውም። ልኩን ልንገርሽ፦ ከሌባ ጣትሽ ጫፍ እስከ መጀመሪያው መስመር ድረስ ጨምቀሽ አውጪ፣ ያ ግማሽ ግራም አካባቢ ነው፣ የሚበቃውም ሁለት መዳፍሽ ከነጣቶቹ ሲዘረጋ የሚሸፍነውን ያህል ቦታ ነው። ነጥብ ነጥብ አድርጎ እየፈሩ መቀባት ምንም አይሰራም። ቆዳው ለስልሶ ማሳከኩ እስኪቆም ቀቢው፣ ብዙ ጊዜ ከ1 እስከ 2 ሳምንት ነው፣ ከዛ ክሬሙን አቁመሽ ቫዝሊን ግን በየቀኑ ቀቢው። ችፌው ሲድን ቦታው ትንሽ ነጣ ብሎ ሊቆይ ይችላል፣ ብዙ ጊዜ ይሄ ችፌው ራሱ የተወው ምልክት ነው፣ በወራት ውስጥ ይመለሳል። ቢጫ ቅርፊት ወይም መግል ካየሽ ግን ሳታድሪ ጤና ጣቢያ ውሰጂው።

ጥያቄ፦ አንዲት እህት ማድያት ወጥቶባት ጓደኛዋ ከኮስሞቲክስ ቤት የገዛችላትን ክሬም ፊቷን መቀባት ከጀመረች ስምንት ወር ሆናት። መጀመሪያ ፊቷ ጠራ፣ ሰው ሁሉ ምን ተቀባሽ አላት። አሁን ፀሐይ ሲነካት ያቃጥላታል፣ ብጉር ወርሷታል፣ ጉንጯ ላይ ቀያይ ክር የመሰለ ነገር ይታያል፣ አገጯ ላይ ፀጉር መብቀል ጀምሯል፣ ሁለት ቀን ስታቆም ደሞ ይብስባታል። ሌላ የተሻለ ክሬም ጠቁመኝ ትላለች።

ሌላ ክሬም አልጠቁምሽም እህቴ፣ የላክሽልኝን ፎቶ አይቼ ነው። የቲዩቡ ፊት ላይ በትልቁ የተጻፈው የክሬሙ ስም ነው፣ የመድኃኒቱ ስም ከስሩ በደቃቅ ፊደል ነው ያለው፣ እሱም ላይ የዋጋ ስቲከር ተለጥፎበታል። ከስቲከሩ ጠርዝ የምትታየው ቃል ክሎቤታሶል ናት፣ ጎኗ 0.05% ይላል። ይሄ ቁጥር ብዙ ሰው ያሳስታል። 0.05 ከ1 ስለሚያንስ ከሃይድሮኮርቲዞን 1% የቀለለ ይመስላል፣ ግን ቁጥሩ መጠኑን እንጂ ጉልበቱን አይናገርም። ክሎቤታሶል ከሃይድሮኮርቲዞን እስከ 600 እጥፍ የሚጠነክር ስቴሮይድ ነው፣ ሐኪም ለወፈረና ለጠና የቆዳ በሽታ በአብዛኛው ከሁለት ሳምንት ላልበለጠ ጊዜ የሚያዘው መድኃኒት ነው። የፊት ቆዳ ስስ ነው፣ የዓይን ቆብ ደሞ ከሁሉም የሳሳ ስለሆነ መድኃኒቱን ይመጠዋል፣ ዓይን አካባቢ ለረጅም ጊዜ ሲቀባ ግላኮማና የዓይን ሞራ ሊያመጣ ይችላል።

መጀመሪያ ፊትሽ የጠራው መድኃኒቱ የደም ስር ስለሚያጠብና ቀለም የሚሰሩትን ሴሎች ስለሚያዳክም ነው። ስታቆሚ የሚብስብሽ ደሞ ደም ስሮቹ ተመልሰው ስለሚሰፉና ታፍኖ የነበረው ብግነት ስለሚነሳ ነው፣ ያን ጊዜ ተመልሰሽ ስትቀቢ ረገብ ይላል፣ እንዲህ እያለ ነው ስምንት ወር የሞላሽ። እኔ ፋርማሲ ቆሜ ይሄን ፊት ደጋግሜ ነው የማየው፣ በጣምም ያናድደኛል፣ የሐኪም ማዘዣ የሚያስፈልገው መድኃኒት ከሻምፑና ከሊፕስቲክ ጎን ተደርድሮ መሸጥ የለበትም።

አሁን የምለምንሽ የቆዳ ሐኪም ጋ እንድትሄጂ ነው፣ ይሄ እንደው ለወጉ የሚባል አይደለም። ከየት እንደሆንሽ አልጻፍሽም፤ አዲስ አበባ ከሆንሽ አለርት ሆስፒታል አለ፣ ደሴ አካባቢ ከሆንሽ ቦሩ ሜዳ። ቲዩቡን ይዘሽ ሂጂ፣ ስምንት ወር መቀባትሽን ሳትደብቂ ተናገሪ። አንዳንዱን ሐኪም ወዲያው ያስቆመዋል፣ አንዳንዱን በለስላሳ እየተካ ቀስ በቀስ ያወርደዋል፣ ይሄን አይቶሽ የሚወስነው እሱ ነው። ከፊትሽ ሌላ ሰውነትሽንም ስትቀቢ ከነበረና ድካም፣ ማዞር፣ ማስታወክ ከመጣብሽ ቀጠሮ አትጠብቂ፣ የዛኑ ቀን ድንገተኛ ክፍል ግቢ። ክሬሙ ካንቺ ሌላ ቤት ውስጥ የሚቀባው ሰው ካለም ይዘሽው ሂጂ።

ጥያቄ፦ ክብ ጭርት ላይ ቤታሜታዞን ቀባሁ፣ ማሳከኩ ቆመ፣ ክቡ ግን ሰፋ።

ጭርት ፈንገስ ነው ወንድሜ። ስቴሮይዱ ማሳከኩን አፍኖ ፈንገሱን እንደልቡ እንዲስፋፋ ነው ያደረገልህ። አቁመውና የፈንገስ መድኃኒት ይሰጥህ፣ ምን ስትቀባ እንደነበርም ንገራቸው፣ ምክንያቱም መልኩ ስለሚለወጥ ሐኪምም ይሳሳታል።

ጥያቄ፦ ቤተሰቡ በሙሉ ያክካል፣ ሌሊት ይብሳል፣ ጣታችን መሀል ሽፍታ አለ፣ ለሁላችንም አንድ ክሬም ይበቃል ወይ?

ይሄ እከክ ይመስላል፣ ስቴሮይድ ብቻውን አያድነውም። ሁላችሁም ባንድ ቀን ጤና ጣቢያ ሂዱ፣ የማያሳክከውም ጭምር፣ አንድ ሰው ከቀረ እንደገና ይዞራችኋል።

ጥያቄ፦ ከኩዌት፣ ሰው ቤት የምትሰራ እህት እጇ ተሰነጣጥቆ ይደማል፣ ማዳሟ የሰጠቻት ሃይድሮኮርቲዞን ምንም አልሰራላትም።

የመዳፍ ቆዳ ወፍራም ስለሆነ ለስላሳው ክሬም አይዘልቀውም፣ ላንቺ እጅ ሐኪም ጠንከር ያለውን በቅባት መልክ፣ በተወሰነ ቀን ሊያዝልሽ ይችላል፣ እሱ ልክ ነው። ማዳምሽን ክሊኒክ ውሰጂኝ በያት፣ በዚህ እጅ በረኪና መንካት አልችልም በያት። እስከዚያ የጎማ ጓንት ከስሩ የጥጥ ጓንት አድርገሽ ስሪ፣ የጎማው ብቻውን ያልብና ይብሳል። ማታ ቫዝሊን ለቅልቀሽ በጥጥ ጓንት ተኚ። እጅሽ ካበጠ፣ ከጋለ፣ ትኩሳት ከመጣ ግን አንድ ቀን እንኳን አትታገሺ።

ጥያቄ፦ ቫዝሊን ይቅደም ክሬሙ?

የቱም ይቅደም፣ ብቻ በመሀሉ 20 ወይ 30 ደቂቃ ይለፍ። ቫዝሊኑ ሽቶ የሌለው ይሁን።