ገቢው ቆሞ ዕዳው ሲቀጥል፦ የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

በዚህ እትም የቀረቡት ደብዳቤዎች ጸሐፊዎች አይተዋወቁም። ያገናኛቸው ገቢ ሳለ በልክ የነበረው ብድር፣ ገቢው ሲቋረጥ ከአቅም በላይ መሆኑ ነው።

ጥያቄ፦ ባለቤቴ ከሥራ ከተቀነሰ አራተኛ ወሩ ነው። አሁን የምንተዳደረው በእኔ ደመወዝ ብቻ ነው፤ ተቆራርጦ እጄ የሚገባው 11,400 ነው። ለቤት ብድር በየወሩ 5,200 እንከፍላለን። ከባንክ የወሰድነው የግል ብድር 60,000፣ የክሬዲት ካርድ ዕዳ 30,000፣ በዱቤ የገዛነው የቤት ዕቃ ደግሞ 10,000 ቀርቶብናል። ከካርዱ ክፍል በየቀኑ ስለሚደውሉልኝ ባለፈው ወር እነሱን ከፈልኩ፤ የቤቱ ክፍያ ግን አለፈኝ። ከየት ልጀምር?

መልስ፦ የከፈሉት አብዝቶ ለጮኸው ነው። በጭንቀት ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ እንዲህ ያደርጋል፤ ብዙ ቤተሰብ ቤቱን የሚያጣውም በዚሁ መንገድ ነው። አበዳሪ በቅደም ተከተል የሚቀመጠው በደወለው ስልክ ብዛት ወይም በዕዳው ትልቅነት አይደለም። መለኪያው «ይህንን ባልከፍል ምን አጣለሁ?» የሚለው ጥያቄ ነው። የቤት ብድር ወይም ኪራይ፣ መብራትና ውሃ፣ ግብር፣ ፍርድ ቤት ያዘዘው የልጅ ቀለብ ከፊት ይቆማሉ። መያዣ የሌላቸው እንደ ካርድ፣ የግል ብድርና ዱቤ ያሉት ከኋላ ይከተላሉ። ከኋላ መቀመጣቸው ተሰረዙ ማለት አይደለም፤ አበዳሪዎቹ መክሰስ ይችላሉ። ግን እስከዚያ ድረስ ለመደራደር ጊዜ ይኖርዎታል፤ ቤቱ ለሐራጅ ከወጣ በኋላ ግን ያን ያህል ጊዜ የለም።

ዛሬ ማታ ከባለቤትዎ ጋር ተቀምጣችሁ እያንዳንዱን ዕዳ በአንድ ወረቀት ላይ አስፍሩ፦ ቀሪው ዋና ገንዘብ፣ የወለዱ መጠን፣ የወር ክፍያው፣ ውዝፉ፣ የመክፈያ ቀኑ፣ መያዣና ዋስ ካለው እሱም። ቁጥሩን በቃል ከምታስታውሱት ሳይሆን ከአበዳሪው በጽሑፍ ከሚሰጣችሁ መግለጫ ውሰዱ። ሰው የሚያስታውሰው የተበደረውን ነው፤ የተጨመረበትን ወለድና መቀጮ ይረሳል።

ቀጥሎ የወር ወጪ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል፤ ወጪውን የሚጽፈው እንዲሆን በሚመኘው ልክ ነው። ያለፉትን ሦስት ወራት ትክክለኛ ወጪ ደምሩና ለሦስት አካፍሉ። በዓመት አንዴ የሚመጣውን፣ ለምሳሌ የትምህርት ቤት ምዝገባን፣ ለ12 አካፍላችሁ ጨምሩበት። መድኃኒት አይቀነስም። የባለቤትዎ የስልክና የትራንስፖርት ወጪም ለጊዜው አይነካ፤ ሥራ የሚገኘው በእነዚህ ነው።

ለመኖር የግድ የሚያስፈልጋችሁ 5,000 ቢሆን ከ11,400 ላይ 6,400 ይቀራል። የቤቱ 5,200 ሲወጣ 1,200። የቤቱን የአንድ ወር ውዝፍ በ13 ወር ከፋፍለው እንዲቀበሉዎት ባንኩን ይጠይቁ፤ በወር 400 ይሆናል። የቀረው 800 ለሦስቱ መያዣ የለሽ ዕዳዎች እንደየመጠናቸው ይከፋፈላል። ጠቅላላው 100,000 ስለሆነ የግል ብድሩ ከመቶ 60 እጅ፣ ማለትም 480፤ ካርዱ 240፤ የቤት ዕቃው 80 ይደርሳቸዋል። ለእያንዳንዳቸው ይህንኑ ስሌት ከገቢና ወጪ ዝርዝራችሁ ጋር አያይዛችሁ በጽሑፍ ላኩ፤ ወለዱና መቀጮው ለስድስት ወር እንዲቆምላችሁም በዚያው ደብዳቤ ጠይቁ። አበዳሪ «ለእኔ ብቻ አሳነሰብኝ» ብሎ የሚጠረጥረው የሌሎቹን ድርሻ ስለማያይ ነው። ሁሉም በአንድ ሚዛን እንደተመዘነ ሲያይ ለመስማማት ይቀለዋል።

የመጀመሪያው መልስ «አይሆንም» ሊሆን ይችላል፤ በተለይ ስልክ የሚያነሣው ሠራተኛ የመወሰን ሥልጣን ላይኖረው ይችላል። ያቀረባችሁትን መጠን ግን በቀኑ መክፈል ጀምሩ፤ ደረሰኙንም አስቀምጡ። ጉዳዩ አንድ ቀን ፍርድ ቤት ቢደርስ ያ ተከታታይ ደረሰኝ ስለ እናንተ ይመሰክራል። ከሁሉ በላይ ግን ለማስደሰት ብላችሁ ከ800 በላይ ቃል አትግቡ። በሦስተኛው ወር የሚፈርስ ስምምነት ከመጀመሪያው እንቢታ ይከፋል፤ አበዳሪው ሁለተኛ አያምናችሁም።

ጥያቄ፦ ገቢዬ ስለተቋረጠ ባንኩን አነጋግሬ ነበር። ቀሪ ዕዳዬ 100,000 ነው፤ ወለዱ በዓመት 18 በመቶ፣ የቀረኝ ጊዜ ደግሞ 36 ወር። የሦስት ወር እፎይታ ወይም የመክፈያ ጊዜ ማራዘሚያ ምረጥ ተባልኩ። የትኛው ይሻላል?

መልስ፦ እፎይታ የሚለው ቃል ክፍያን እንጂ ወለድን አይመለከትም፤ ውሉ በግልጽ ካላቆመው በስተቀር ወለዱ ይቀጥላል። በወር 1.5 በመቶ ሲታሰብና ያልተከፈለው ወለድ በዋናው ላይ ሲደመር ከሦስት ወር በኋላ ዕዳዎ 104,568 ገደማ ይሆናል። አሁን የሚከፍሉት 3,615 አካባቢ ነው። የብድሩ ማብቂያ ቀን ካልተገፋ ይህን ሁሉ በቀሩት 33 ወራት መጨረስ ስላለብዎት የወር ክፍያው ወደ 4,041 ከፍ ይላል። ብዙ ሰው በአራተኛው ወር የሚደነግጠው ለዚህ ነው።

ጊዜው ወደ 60 ወር ቢራዘም የወር ክፍያዎ ወደ 2,539 ይወርዳል፤ በወር 1,076 ያህል ይተነፍሳሉ ማለት ነው። ዋጋው ግን ቀላል አይደለም፦ እስከ መጨረሻው የሚከፍሉት ጠቅላላ ወለድ ከ30,149 ወደ 52,360 ያድጋል።

ሳይነገርዎ የቀረ ሦስተኛ መንገድ አለ፤ እርስዎ ይጠይቁት። ለተወሰኑ ወራት ወለዱን ብቻ መክፈል። በእርስዎ ብድር ይህ በወር 1,500 ነው። ዋናው ገንዘብ አይቀንስም፣ አይጨምርምም። ከሦስት እስከ ስድስት ወር ውስጥ ሥራ የማግኘት ተስፋዎ እውነተኛ ከሆነና 1,500 ከቤት ወጪ ላይ ሳይነጠቅ የሚገኝ ከሆነ ይህንን እንመርጣለን። ምንም ገቢ ከሌለ እፎይታውን ይውሰዱ፤ ግን የማብቂያ ቀኑም በሦስት ወር እንዲገፋ ያድርጉ፤ ያኔ የወር ክፍያው ወደ 3,780 ብቻ ይሆናል። ገቢዎ ለዓመታት ዝቅ ብሎ የሚቀጥል ከመሰለዎት ማራዘሙ ይሻላል፤ ነገር ግን ገቢ ሲሻሻል ያለ መቀጮ ቀድሞ መክፈል እንደሚቻል በውሉ ይጻፍ።

ከመፈረምዎ በፊት የመጀመሪያውን ውል አውጥተው የመድን አንቀጽ እንዳለው ያረጋግጡ። አንዳንድ ብድር ሲሰጥ ተበዳሪው ሥራ ቢያጣ ወይም ቢታመም የተወሰኑ ወራትን የሚከፍል መድን አብሮ ይሸጣል፤ ዓረቦኑ ከወር ክፍያው ጋር ስለሚቆረጥ ሰው መኖሩንም ይረሳል። የማመልከቻ ጊዜው አጭር ሊሆን ስለሚችል ነገ ዛሬ አይበሉ።

ጥያቄ፦ የባንኩን ለመክፈል በስልክ የሚሰጥ ፈጣን ብድር እወስዳለሁ፤ ያንን ለመክፈል ደግሞ ሌላ። ክፍያው «5 በመቶ ብቻ» ስለሆነ ቀላል መስሎኝ ነበር። አሁን አራት ደርሷል።

መልስ፦ 5 በመቶው ለ30 ቀን ነው፤ የባንክ ወለድ ግን የሚነገረው በዓመት ነው። ሁለቱን ወደ አንድ የጊዜ መለኪያ ሳያመጡ ማነጻጸር ነው ያሳሳተዎት። 10,000 ወስደው በየወሩ 500 እየከፈሉ ቢያድሱት በ12 ወር 6,000 ከፍለው ያው 10,000 ዕዳ ይቀርዎታል። ክፍያው በዕዳው ላይ እየተደመረ ከሄደ ደግሞ በዓመቱ መጨረሻ ወደ 17,959 ይደርሳል። ክፍያው ገና ሲሰጥዎ የሚቆረጥ ከሆነ ይባስ ብሎ የሚደርስዎ 9,500፣ የሚመልሱት 10,000 ነው።

ከአሁን በኋላ አንድም አዲስ አይውሰዱ፤ ማደስም መበደር ነው። ገንዘቡ ከስልክ ሂሳብዎ በራሱ የሚቆረጥ ከሆነ ለምግብ የያዙትን እዚያ አያስቀምጡ። ከዚያ በክፍያው ውድ የሆነውን ከአራቱ ለይተው፣ ለሌሎቹ የሚጠይቁትን ዝቅተኛ እየከፈሉ፣ የተረፈውን ሁሉ በእሱ ላይ ያውሉ። ሲያልቅ ወደሚቀጥለው ይሂዱ። መተግበሪያው የስልክ አድራሻ ዝርዝርዎን እንዲያይ ፈቅደው ከሆነ ከስልኩ ማስተካከያ ገብተው ፈቃዱን ይዝጉ፤ ክፍያ ሲዘገይ ለዘመድ ወዳጅ የሚደውሉ አሉ።

ጥያቄ፦ ድርጅታችን ተዘግቶ የሥራ ስንብት ክፍያ ልቀበል ነው። ሙሉውን ለዕዳ ከፍዬ ልገላገል? ለአንዱ ብድር ታላቅ ወንድሜ ዋስ ነው፤ ሥራ ማጣቴን አልነገርኩትም።

መልስ፦ ሙሉውን አይክፈሉ። ዕዳ ከፍሎ ባዶ እጁን የቀረ ሰው በሁለተኛው ወር ለምግብ ሲል ይበደራል፤ ያኔ ያለ ደመወዝ የሚያበድረው ደግሞ ውዱ አበዳሪ ብቻ ነው። ቢያንስ የሦስት ወር፣ ሙያዎ ሥራ ለማግኘት ጊዜ የሚወስድ ከሆነ የስድስት ወር የግድ ወጪ መጀመሪያ ይነሣ።

ገንዘቡ የሚገባበትን ሂሳብም ያስቡበት። ብድርና የደመወዝ ሂሳብ አንድ ባንክ ከሆኑ ባንኩ ያለፈዎትን ክፍያ ከሂሳብዎ ቀንሶ የመውሰድ መብት በውሉ ሊኖረው ይችላል። ለመኖሪያ የሚሆነው ብድር በሌለበት ባንክ ይቀመጥ። ይህ ማጭበርበር አይደለም፤ አስቀድመው ያቀዱትን ቅደም ተከተል ማስጠበቅ ነው።

ከዚያ የሚተርፈው ካለ በአንድ ጊዜ ክፍያ ለመደራደር ይጠቅማል። ውዝፍ የከረመበት አበዳሪ በእጁ የሚገባ ገንዘብ ሲያይ ከመቀጮውና ከወለዱ ላይ ሊቀንስ ይችላል። ነገር ግን «ይህ ሲከፈል ቀሪው ዕዳ ሙሉ በሙሉ ይዘጋል» የሚል የተፈረመ ደብዳቤ በእጅዎ ሳይገባ ሳንቲም አያስተላልፉ። በቃል የተባለ ቅናሽ ሠራተኛው ሲቀየር አብሮ ይጠፋል።

ወንድምዎን ግን ዛሬ ያነጋግሩት። እርስዎ ካልከፈሉ አበዳሪው የሚሄደው ወደ እሱ ነው፤ እንደ ዋስትናው ዓይነት አስቀድሞ እርስዎን ሳይከስ በቀጥታ እሱን ሊጠይቅ ይችላል። ከእርስዎ አፍ ሲሰማ የሚያዝን ሰው ከመጥሪያ ላይ ሲያነብ ይቀየማል። የብድሩን ቀሪ መጠንና ያሰቡትን ዕቅድ ይዘው ይሂዱ፤ ውሉ ሲራዘም የእሱ ፊርማ ሊያስፈልግ ስለሚችል በድርድሩም አብሮ ይግባ።

ጥያቄ፦ ዕዳ ሰብሳቢዎች በር ድረስ መጥተዋል፤ ትናንት ደግሞ የፍርድ ቤት መጥሪያ ደረሰኝ። ባለቤቴ አታውቅም። ፖስታውን ደብቄዋለሁ። እንቅልፍ ከዓይኔ ከጠፋ ሰንብቷል፤ አንዳንዴ ባልኖር ይሻላል እላለሁ።

መልስ፦ ከመጨረሻው እንጀምር። ባልኖር የሚለው ሐሳብ ሲመጣ ብቻዎን አይቀመጡ። ዛሬውኑ ለሚያምኑት ሰው በእነዚሁ ቃላት ይንገሩት፤ ሐሳቡ ከበረታ ሳይዘገዩ በአቅራቢያዎ ወዳለ የጤና ተቋም ይሂዱ። ዕዳ የሚከፈል፣ የሚራዘም፣ አንዳንዴም የሚቀነስ ነገር ነው። እርስዎ ግን በምንም አይተኩም።

ባለቤትዎ ማወቅ አለባት። ዛሬ ከእርስዎ ብትሰማ በችግሩ አብራችሁ ትቆማላችሁ፤ ነገ ከሰብሳቢ ብትሰማ ግን ከዕዳው ይልቅ መደበቅዎ ይጎዳታል። ልጆቹ በተኙበት ሰዓት ወረቀቶቹን ሁሉ አውጥተው ጠቅላላውን ቁጥር በአንድ ጊዜ ይንገሯት። በየሳምንቱ ጥቂት ጥቂት እየጨመሩ መንገር እምነትን ደጋግሞ ያቆስላል።

ፖስታውን አሁኑኑ ይክፈቱት። መጥሪያው ላይ የመልስ ማቅረቢያ ወይም የቀጠሮ ቀን አለ። ተከሳሽ ካልቀረበ በብዙ አገር ጉዳዩ በሌለበት ይታያል፤ የተጋነነ ወለድና መቀጮም ማንም ሳይከራከረው ሊፈረድ ይችላል። መቅረብ ዕዳውን ባይሰርዝ እንኳ ስሌቱን ለመመርመርና በየወሩ ከፋፍሎ ለመክፈል ለመጠየቅ ዕድል ይሰጣል። የገቢና ወጪ ዝርዝርዎን፣ የከፈሉባቸውን ደረሰኞችና ውሉን ይዘው ከቀጠሮው በፊት ነጻ የሕግ ምክር ከሚሰጥ ተቋም ይሂዱ። ዕዳው በጣም የቆየ ከሆነ ምንም ሳይፈርሙና ሳይከፍሉ መጀመሪያ የይርጋ ጊዜው፣ ማለትም አበዳሪው መክሰስ የሚችልበት በሕግ የተወሰነ ጊዜ፣ ማለፍ አለማለፉን ያስጠይቁ፤ በብዙ አገር ሕግ ዕዳን በጽሑፍ ማመን ወይም በከፊል መክፈል የይርጋውን ቆጠራ ከአዲስ ያስጀምረዋል።

ሰብሳቢዎቹን በተመለከተ፣ ማንን ወክለው እንደመጡና የዕዳውን ዝርዝር በጽሑፍ እንዲያሳዩ ይጠይቁ። ያለ ፍርድ ቤት ትእዛዝ የመጣ ሰብሳቢን ወደ ቤት የማስገባት ግዴታ የለብዎትም። በእጅ ገንዘብ አይስጡ፤ የሚከፍሉት ካለ ለአበዳሪው ሂሳብ፣ በደረሰኝ። ቢያስፈራሩ ቀኑን፣ ሰዓቱንና የተባለውን ቃል በደብተር ይመዝግቡ። «ዕዳህን እናስቀንስልሃለን» ብሎ አስቀድሞ ክፍያ የሚጠይቅ ሰው ቢመጣም ያሰናብቱት።