ጋቢናው ባዶ ነው

ጥያቄ (ደብዳቤው አጥሮ የቀረበ)፦ በቨርጂኒያ የምኖር የ48 ዓመት ሴት ነኝ። በትዳር 23 ዓመት ኖረናል። ባለቤቴ ታክሲ፣ በኋላም ኡበር እየነዳ ነው ቤታችንን ያቆመው፤ አምና ሹፍርናውን ትቶ የቢሮ ሥራ ያዘ። ባለፈው ጥቅምት መጀመሪያ ሳያማክረኝ ደህናዋን ካምሪያችንን ለሻጭ አስረክቦ፣ ገንዘብ ጨምሮ፣ ሁለት ሰው ብቻ የምትይዝ ቀይ ማዝዳ ሚያታ ይዞ መጣ። ለዚያውም በእጅ ማርሽ የምትነዳ! 54 ዓመቱ ነው። ልጆቹን የት እናስቀምጣቸዋለን? እናቴ ከአዲስ አበባ ብትመጣ በምን እቀበላታለሁ? ቤተ ክርስቲያን ግቢ ሲያቆማት ሰው ሁሉ ዞሮ ያያል፤ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ እወዳለሁ። ሌላ ሴት ይዞ ይሆን?

መልስ፦ እህቴ፣ የጋራ መኪናን ሚስት ሳያማክሩ መለወጥ ጥፋት ነው። ባለቤትዎ ጽፈውልኝ ቢሆን ይህንኑ ለእሳቸው እነግራቸው ነበር። የጻፉልኝ ግን እርስዎ ነዎትና የእርስዎን ደብዳቤ ላንብብ።

ሦስት ጊዜ አነበብኩት። የወር ክፍያው አለ፤ ኢንሹራንሱ አለ፤ ሻንጣ የማይበቃው የኋላ ኮፈን አለ፤ የቀለሙ ቅላት ሳይቀር አለ። አንድ ነገር ግን ፈልጌ አጣሁ። ለመሆኑ ገብተውባት ያውቃሉ?

መሐል ላይ እንደ ዋዛ እንዲህ ብለዋል፦ «ያመጣት ዕለት ማታ በር ላይ ቆሞ ጡሩምባ ነፋ። ነይ፣ አንድ ዙር ዞረን እንምጣ አለኝ። ወጥ ጥጃለሁ አልኩት።» ከዚያ በቀጥታ ወደ ኢንሹራንሱ ዋጋ አለፉ። ይህ ከሆነ አምስት ሳምንት አልፎታል።

ሌላም ቦታ ላይ ቆሜያለሁ። ልጆቹ ሕፃናት ሳሉ እርስዎ ከኋላ አብረዋቸው ይቀመጡ ነበር። ካደጉም በኋላ ልማድ ሆኖ እዚያው ቀሩ፤ ጋቢናው ላይ የሚቀመጠው የባለቤትዎ የምሳ ዕቃና ጃኬት ነበር። ይህን የጻፉት የካምሪዋን ስፋት ለማስረዳት ነው። እኔን ግን ከመኪናዋ ስፋት ይልቅ የምሳ ዕቃው ያዘኝ።

አዲስ አበባ ታክሲ የተሳፈረ ሰው ጋቢና ምን እንደሆነ ያውቃል። መንገዱ ፊት ለፊት ይታያል፤ ከሹፌሩ ጋር ወሬ ይደራል፤ ሰው ተሻምቶ የሚገባበት ቦታ ነው። የባለቤትዎን ጋቢና ግን የሚሻማው አልነበረም። በሥራ ቀን ከኋላቸው የማያውቁት ተሳፋሪ፣ እሁድ ከኋላቸው ሚስትና ልጆች። ሁሉንም የሚያዩት በመስታወት ነው፤ እርስዎንም ጭምር። እንዲህ ዓመታት የኖረ ሰው አንድ ቀን ከቤተሰቡ መሐልም ሹፌር ሆኖ ራሱን ቢያገኘው አይግረምዎት።

እኚህ ሰው ታዲያ የኋላ ወንበር የሌለው መኪና ገዙ። ሚያታ ከ1989 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የምትመረተው በሁለት መቀመጫ ብቻ ነው፤ የዕቃ ቦታዋም የካምሪን ሲሦ አይሞላም። ለጭነት አልታሰበችም፤ ለቤተሰብም አልታሰበችም። የታሰበችው ጎን ለጎን ለሚቀመጡ ሁለት ሰዎች ነው። ሌላ ሴት የለችም ብዬ ልምልልዎ አልችልም። ደብዳቤዎ ውስጥ ግን የተደበቀ ስልክም፣ ምክንያት ያጣ ማምሸትም የለም። ያሉት መኪናዋን ይዘው በቀጥታ ወደ ቤታቸው መጥተው ለሚስታቸው ጡሩምባ የነፉ ሰው ናቸው።

«የጉልምስና ቀውስ ነው»፣ ማለትም ዕድሜው ሲገፋ የሚያናውጠው ነገር ነው፣ የሚልዎት አይጠፋም። ሐሳቡ ስም ያገኘው ኤልየት ዣክ የተባለ የሥነ ልቦና ተንታኝ በ1965 (እ.ኤ.አ.) ባወጣው ጽሑፍ ሲሆን፣ ከዚያ ወዲህ ቀይ መኪና የቀልዱ ማድመቂያ ሆኗል። እኔ ብዙም አልወደውም። ሰውየው የሚለውን ከመስማት ይገላግለናል። ጆን ጎትማን የተባለው አሜሪካዊ የትዳር ተመራማሪ ባልና ሚስት በየዕለቱ የሚለዋወጧቸውን ትንንሽ ጥሪዎች አጥንቷል፤ «ያቺን ወፍ እያት» ከማለት የማይበልጡትን። አዲስ ተጋቢዎችን ከስድስት ዓመት በኋላ ሲያያቸው፣ በትዳር የዘለቁት ከአሥር ጥሪ ዘጠኝ ለሚሆነው ምላሽ ይሰጡ የነበሩ ናቸው፤ የተለያዩት ግን ለሦስት ያህሉ ብቻ። ወጥ መጣድ ኃጢአት የለውም። ነገር ግን አምስት ሳምንት የሚፈጅ ወጥ አላውቅም።

አሁን ወደ ከበደው ልምጣ። «ልጆቹን የት እናስቀምጣቸዋለን?» ብለዋል። የትኞቹን ልጆች? ወንዱ ቴክሳስ ሥራ ይዞ የራሱን መኪና ይነዳል። ሴቷ ነሐሴ ላይ ዩኒቨርሲቲ ገባች። ለመኪናዋ ሁለት ገጽ የጻፉት እርስዎ ለልጅዎ መሄድ የሰጡት ግማሽ መስመር ነው። የኋላው ወንበር ባዶ የሆነው ካምሪዋ ከመሸጧ በፊት ነው፣ እህቴ። ባለቤትዎ ባዶውን ወንበር እያዩ መንዳት አልቻሉም ይሆናል፤ እርስዎ ደግሞ ባዶም ቢሆን ይኑርልኝ ባይ ነዎት። እንደምገምተው ያናደደዎት ገንዘቡ ብቻ አይደለም። ልጆችዎ ጭንዎ ላይ ተደግፈው ያንቀላፉበት ወንበር ሳይሰናበቱት ሄደ። ይህን ለባለቤትዎ ነግረዋቸዋል? «ሰው ምን ይላል» ማለትዎን ሰምተው ይሆናል፤ ይህኛውን ግን የሰሙ አይመስለኝም።

ምን ላድርግ ካሉ፣ የምለው ጥቂት ነው፤ እሱም ላይሠራ ይችላል። የገንዘቡን ጉዳይ ለብቻው ቀን ቆርጣችሁ ተነጋገሩበት፤ ከዐቅም በላይ ከሆነ መኪናዋን መልሶ መለወጥም ይነሳ። እናትዎ ሲመጡ ለአንድ ቀን መኪና መከራየት ይቻላል። ባለቤትዎ እንቅልፍ የሚያጡ፣ ከወትሮው ውጪ የሚለፈልፉ፣ ገንዘብ በየአቅጣጫው የሚበትኑ ሆነው ቢሆን ቶሎ ሐኪም ዘንድ ይሂዱ እል ነበር፤ ማታ በአራት ሰዓት እንደሚተኙ ግን ራስዎ ጽፈዋል። ደግሞም የ23 ዓመት ትዳር በደብዳቤ አይነበብም። እዚያ አካባቢ በአማርኛ የሚያማክሩ ባለሙያዎች አይጠፉም፤ ሁለታችሁም ብትሄዱ መልካም ነው፤ እምቢ ካሉ ብቻዎን ይጀምሩ። በንስሐ አባታችሁ በኩል መጀመር የሚቀላቸው ከሆነም ይሁን።

ከሁሉ በፊት ግን አንድ ቅዳሜ ይግቡባት። ክፍያውን አያንሱ። «ለምን ገዛሃት?» የሚለውንም ለዚያ ቀን ይተዉትና «በእጅ ማርሽ መንዳት የት ነው የተማርከው?» ብለው ይጠይቁ፤ የሚያውቁት ታሪክ ቢሆንም እንደ አዲስ ይስሙት። ጣሪያውን ልክፈተው ካሉ እሺ ይበሏቸው፤ ጋቢ ግን ይዘው ይግቡ፣ የቨርጂኒያ ኅዳር ይበርዳል።