ጥያቄና መልስ፦ ሞተሩን የበላው ፊልትሮው ነው ወይስ ዘይቱ?

ጥያቄ፦ ሰላም ለናንተ፣ ተሳቢ የሚጎትት ከባድ መኪና አለኝ፣ ዘይትና የዘይት ፊልትሮ (ማጣሪያ) በሰዓቱ ነው የማስቀይረው። አሁን ግን ፊልትሮው ከተቀየረ ብዙም ሳይቆይ ሞተሩ መንኳኳት ጀመረ፣ ሹፌሩ የዘይት ጌጁ ምንም ችግር አላሳየኝም ይላል፣ ሲፈታ የክራንክ ሻፍቱ (የሞተሩ ዋና ዘንግ) ቤሪንጎች (ዘንጉ የሚቀመጥባቸው ስስ ብረቶች) ተበልተዋል ክራንክ ሻፍቱም ተጭሯል። መካኒኩ ጥፋቱ የፊልትሮው ነው አለኝ፣ የሸጠልኝ ሰውዬ ደግሞ ዘይትህ ነው እንጂ ፊልትሮ ሞተር አይገድልም ይለኛል። ማንን ልመን? ፊልትሮውን አልጣልኩትም፣ እጄ ላይ ነው።

መልስ፦ ወንድሜ ከልብ አዝናለሁ፣ የከባድ መኪና ሞተር ሲበላ እንጀራ ነው የሚቆመው። ግን ፊልትሮውን ባለመጣልህ ትልቅ ነገር ነው ያተረፍከው። ሻጩ አምጣውና ልየው ቢልህም አንተ ባለህበት ሳይከፈት አሳልፈህ እንዳትሰጥ።

ፊልትሮ ሞተር አይገድልም የሚባለው ውሸት ነው። ፓምፑ ከኮፓው (ከሞተሩ ስር ካለው የዘይት መያዣ) የሳበው ዘይት ቤሪንጎቹ ጋ ከመድረሱ በፊት በፊልትሮው ነው የሚያልፈው፣ ውስጡ ያለው ወረቀት ከተቀደደ ወይ ወረቀቱን ዳርና ዳር የያዘው ሙጫ ከለቀቀ ዘይቱ እንዳለ ሳይጣራ ይሄዳል። ቤሪንጉንና ክራንክ ሻፍቱን የሚለያያቸው የዘይት ሽፋን በጥቂት ማይክሮን (የሚሊሜትር አንድ ሺህኛ) ነው የሚለካው፣ የሰው ፀጉር 70 ማይክሮን አካባቢ ስለሆነ ከዛ አንፃር አስበው፣ እና በአይን የማትታይ 10 ወይ 20 ማይክሮን የምታክል ብናኝ ብረቱን ለመፋቅ ትበቃለች። የተቀደደው ወረቀት ራሱም ቃጫው እየተነቀለ ፒስተኑን ከስር የሚያቀዘቅዙትን ቀጫጭን የዘይት መርጫዎች ሊደፍን ይችላል፣ ያኔ ፒስተኑ ይግልና ሲሊንደሩን ይጭራል። ተርቦውም (ወደ ሞተሩ አየር የሚገፋው) በከባድ ፍጥነት ስለሚሽከረከር ቆሻሻ ዘይት አይችልም።

ሹፌሩን ግን እባክህ አትቆጣው፣ እውነቱን ሊሆን ይችላል። ፊልትሮ ሲደፈን ወይ ዘይቱ በብርድ ሲወፍር ባይፓስ ቫልቩ ይከፈትና ዘይቱ ሳይጣራ ያልፋል፣ ሆን ተብሎ ነው እንደዛ የተሰራው ምክንያቱም ከደረቅ ሞተር ቆሻሻ ዘይት ይሻላል። ጌጁ የሚለካው ፕሬሸር ብቻ ነው፣ ዘይቱ መጣራት አለመጣራቱን አያውቅም። ፊልትሮው ላይ ያለው ቫልቭ (አንዳንድ ሞተር ላይ ቫልቩ ፊልትሮው የሚገጠምበት ቤት ውስጥ ነው) ስፕሪንጉ ደካማ ከሆነ ያለጊዜው ይከፈታል፣ ተጣብቆ እምቢ ካለ ደግሞ ወረቀቱ በግፊት ይጨማደድና ይቀደዳል። መልኩና ጥርሱ ከኦሪጅናሉ ጋር አንድ ሆኖ ቫልቩ የሚከፈትበት ፕሬሸር የተለየ ፊልትሮም አለ፣ ስለዚህ ገጠመ ማለት ልክ ነው ማለት አይደለም።

አሁን ክፈተው። በመጀመሪያ ላዩ ላይ ያለውን ቁጥርና የምርት ኮድ ፎቶ አንሳ፣ ካርቶኑም ካለ አብረህ። በግራይንደር ወይ በመጋዝ እንዳትነካው፣ የሱ ብናኝ ከሞተሩ ብናኝ ጋር ይቀላቀልና ማስረጃህ አለቀ። እንደ ቆርቆሮ መክፈቻ ዙሪያውን እየዞረ የሚቆርጥ የፊልትሮ መቁረጫ አለ፣ እሱን ተጠቀም። ወረቀቱን ዘርግተህ እጥፋቶቹን አንድ በአንድ እያቸው፣ ካላሚታም አስጠጋ፣ የሚሳበው ብረት ነው፣ የማይሳበው ቀላ ያለው ከቤሪንግ ወይ ከቡሽ፣ ነጣ ያለው ከፒስተን ወይ ከቤሪንግ የመጣ ይሆናል።

ዋናው ነገር ብናኙ የት እንደተቀመጠ ነው። በነዚህ ፊልትሮዎች ዘይት በአብዛኛው ከውጪ ወደ መሃል ነው የሚጣራው፣ ስለዚህ ብናኙ ከወረቀቱ ውጪ በኩል ብቻ ከሆነ ፊልትሮው ስራውን ሰርቷል፣ ሞተሩ በሌላ ምክንያት ሳይበላ አይቀርም። መሃል ባለው ቱቦ በኩል ካገኘህና ወረቀቱ ተቀዶ ወይ ሙጫው ለቆ ካየህ የመካኒኩ ነገር በጣም ያሳምነኛል። ወረቀቱ ሙሉ ሆኖ በጥቁር ዝቃጭ ከተደፈነ ግን ፊልትሮውን ለመክሰስ አትቸኩል፣ ዘይቱ ከልክ በላይ ቆይቶ ወይ ውሃ ገብቶበት ሊሆን ይችላል። ለዛ የዘይቱን ናሙና ላብራቶሪ ላክ፣ ሶዲየምና ፖታሺየም ከበዛ ብዙ ጊዜ የራዲያተር ውሃ ገብቷል ማለት ነው፣ ሲሊከን ከበዛ ደግሞ አቧራ። የተከፈተውን ፊልትሮና የላብራቶሪውን ውጤት ይዘህ ነው ሻጩ ጋ መሄድ ያለብህ፣ በባዶ እጅ ክርክር አታሸንፍም።

ጥያቄ፦ ሹፌር ነኝ፣ አዲስ ፊልትሮ ከመግጠማችን በፊት ዘይት እንሞላበታለን፣ ልክ ነው?

መልስ፦ በመሃለኛው ትልቅ ቀዳዳ ከሆነ የምትሞሉት ተዉት፣ እሱ የተጣራው ዘይት መውጫ ነው፣ በዛ የገባ ቆሻሻ ቀጥታ ቤሪንግ ጋ ነው የሚሄደው። ብዙ አምራቾች ጭራሽ አትሙሉ ይላሉ፣ የሞተራችሁን መመሪያ እዩ፣ ሙሉ ካለ ዙሪያውን ባሉት ትናንሽ ቀዳዳዎች ይሁን። የድሮው ፊልትሮ ጎሚኒ (የጎማ ማሸጊያ) ቤቱ ላይ ተጣብቆ አለመቅረቱን በእጃችሁ ዳሱ፣ ሁለት ጎሚኒ ከተደራረበ ዘይቱ መንገድ ላይ ተረጭቶ ያልቃል። አስነስታችሁ ፕሬሸር እስኪመጣ ነዳጅ አትርገጡ፣ ከዛ አጥፍታችሁ ትንሽ ቆይታችሁ ዘይቱን እንደገና ለኩ፣ ፊልትሮው የጠጣውን ያህል መጨመር አለባችሁ።