ቀይር፣ ግን መጀመሪያ ዕቃህን አውጣ

«ሳይቴ በየሳምንቱ ይጠፋል፣ ሆስቲንግ ድርጅቱ (ሳይቱን በሰርቨሩ የሚያስቀምጥልኝ) ግን 99.9 በመቶ ዋስትና አለን ይላል፤ ልታገስ ወይስ ልቀይር?» ላልከው፦ ቀይር ወንድሜ። 99.9 በመቶ እኮ በወር 43 ደቂቃ ገደማ መቋረጥ ማለት ነው። ያንተ ግማሽ ቀን ጠፍቶ ከዋለ ዋስትናው ወሬ ነው።

እኔም እንዲህ ዓይነቱ ደርሶብኛል፤ ስሙን ልተወው። ቲኬት (የእርዳታ ጥያቄ) ስትከፍት «ጥያቄዎ ደርሶናል» የሚል የማሽን መልስ ይመጣል፣ ከዚያ ጭጭ። የእድሳት ክፍያ ሲደርስ ግን ኢሜይላቸው አንድ ቀን አይዘገይም! አለን የሚሉት ባክአፕም (መጠባበቂያ ቅጂ) እዚያው ሰርቨር ላይ ነበር። ሰርቨሩ ሲወድቅ አብሮ ሄደ።

ስለዚህ ገና ሳትነግራቸው ሲፓነል (የሆስቲንግህ መቆጣጠሪያ ገጽ) ግባና ፋይሎቹንም ዳታቤዙንም ወደ ኮምፒውተርህ አውርድ። ኢሜይሎችህንም እንዳትረሳ። ዋናው ግን ዶሜይኑ፣ ማለትም የሳይትህ አድራሻ ስም ነው። በማን ስም እንደተመዘገበ እይ፤ በእነሱ ስም ከሆነ መጀመሪያ እሱን አስተካክል። ዶት ኮም ከሆነ የማዛወሪያ ኮድ ጠይቃቸው። ከተመዘገበ 60 ቀን ካልሞላው ግን አብዛኛውን ጊዜ ወደ ሌላ አይዛወርም።

የድሮውን አካውንት ቶሎ አትዝጋ። የኔምሰርቨር (ዶሜይንህን ወደ ሳይትህ ሰርቨር የሚመራው) ለውጥ ሁሉም ጋ እስኪደርስ እስከ ሁለት ቀን ሊፈጅ ይችላል።